እውነት ስለ ያዝን መሳደብ ይፈቀድልናልን? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠን አቅርበናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የሚኖሩትም በተለያየ ከተማና አገር ነው። ሁሉም ግን የሚጠይቁት በጠብ ጊዜ ከክርስቲያን አፍ ምን ዓይነት ቃል ሊወጣ እንደሚገባ ነው። ማንነታቸውን ሊያሳውቅ የሚችለውን ዝርዝር አስቀርተን ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ እናታችን ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ትታልን የሄደችው ቤት ተከራይቶ ኪራዩን የሚሰበስበው ታላቅ ወንድማችን ሲሆን፣ ለስምንት ወር ያህል ለእኔም ሆነ ለታናሽ እህቴ ምንም አላካፈለንም። በጠየቅሁት ቁጥር «እደርስበታለሁ» እያለ ያመላልሰኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ምሽት በጣም ተናድጄ፣ ውጭ አገር ያሉ አክስቶቻችን ጭምር ባሉበት የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የድምፅ መልእክት ላክሁበት። ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» የምለውን ሰው በባዶ ስሙ ጠርቼ፣ «አንተ ድሮም ሌባ ነህ፤ እናታችን ሳትቀበር ብር ስትቆጥር የነበርክ ሰው ነህ» አልሁት። ከግሩፑ ወጣ፤ ስልኬንም አያነሣም። አጎታችን ሊያስታርቁን እየሞከሩ ነው። እኔ ግን ግራ ገብቶኛል፤ ኪራዩን አለማካፈሉ እውነት ነው። ይቅርታ ብጠይቅ ገንዘቡን ተውሁት ማለት አይሆንብኝም? ክርስቲያን ስለ ሆንሁ እውነቱን መዋጥ አለብኝ? (አንዲት አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እውነቱን መዋጥ የለብዎትም። «ክርስቲያን ነገር ይተዋል» የሚለው ምክር በየቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለተበደለው ሰው በመሆኑ፣ ድርሻዬን ያለ ሁሉ እምነት የጎደለው መስሎ እንዲሰማው አድርጓል። ጌታ ግን ለተበደለ ሰው የሰጠው ትእዛዝ «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» የሚል ነው (ማቴዎስ 18፥15)። መውቀስ ታዟል። የተከለከለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ለይቶ ለማየት የላኩትን መልእክት ቃል በቃል መመርመር ያስፈልጋል።

የጻፉልንን መልእክት ደጋግመን አነበብነው፤ ስለ ኪራይ አንድም ቃል የለበትም። ስምንት ወር አይልም፤ ድርሻ አይልም፤ ሒሳብ አይልም። እርስዎ በእጅዎ የነበረውንና ማንም ሊክደው የማይችለውን እውነት ትተው፣ ማስረጃ ሊያቀርቡበት የማይችሉትን ነገር ተናገሩ። «ሌባ» ማለት ገንዘቡን ለራሱ እንዳዋለው አውቃለሁ ማለት ነው፤ ያወቁት ግን እንዳላካፈላችሁ ብቻ ነው። «ድሮም» የሚለው ቃል ደግሞ ወንድምዎን ከልጅነቱ ጀምሮ ይከስሰዋል። «እናታችን ሳትቀበር» የሚለው ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱም በለቅሶ ቤት ብር ሲቆጥር የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የእድሩን ገንዘብ ተቀብሎ ለሳጥኑ፣ ለድንኳኑና ለለቀስተኛው መስተንግዶ የሚያወጣው የበኩር ልጅ ነው። ያን ቀን ሸክሙን ተሸክሞ ከነበረ፣ እርስዎ ያነሡበት ዋናውን ሐዘኑን ነው። ስለዚህ «እውነት ነው የተናገርሁት፤ ያጠፋሁት አነጋገሬን ነው» ብለው ራስዎን አያጽናኑ። እውነቱ ገና አልተነገረም።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 31 የተጻፈው የያዕቆብና የላባ ጠብ ከእርስዎ ጉዳይ ጋር በብዙ ይቀራረባል። ሁለቱ የሥጋ ዘመዶች ናቸው፤ የሚጣሉትም ስለ ንብረት ነው። ያዕቆብ ሚስቶቹን፣ ልጆቹንና መንጋውን ይዞ ሳይሰናበት በሄደ ጊዜ ላባ ሰባት ቀን ተከታትሎ በገለዓድ ተራራ ደረሰበትና አምላኮቼን ሰርቀሃል ብሎ ከሰሰው። ያዕቆብ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ መልሷል፤ ሁለቱን መልሶች አስተያይቶ ማንበብ ብዙ ያስተምራል። በመጀመሪያው መልስ፣ አምላኮችህን የምታገኝበት ሰው አይኑር ብሎ በሞት ፈረደ። ይህን ሲል ፍጹም እርግጠኛ ነበር፤ ነገር ግን ጣዖታቱን የሰረቀችው እርሱ ከሁሉ አስበልጦ የሚወዳት ራሔል እንደ ሆነች አያውቅም። ራሔል ከግመል ኮርቻ ውስጥ ሸሽጋቸው ተቀምጣባቸው ስለ ነበር ሳይገኙ ቀሩ እንጂ፣ በቁጣና በእርግጠኝነት የተነገረው ቃል የወደቀው በገዛ ሚስቱ ላይ ነበር።

ሁለተኛው መልስ ላባ ድንኳኖቹን ሁሉ በርብሮ ምንም ካጣ በኋላ የተነገረ ነው። ያዕቆብ አሁንም ተቆጥቷል፤ መጽሐፉም መቆጣቱን አይሸሽግም። የሚናገረው ግን የሚያውቀውን ብቻ ነው፤ 20 ዓመት በቤትህ አገለገልሁ፤ 14 ዓመት ስለ ሁለቱ ልጆችህ፣ 6 ዓመት ስለ መንጋህ ሠራሁ፤ አውሬ የሰበረውን እኔ ከፈልሁ፤ ቀን በሐሩር ሌሊት በቍር ተጨነቅሁ፤ ደመወዜን 10 ጊዜ ለዋወጥህብኝ ይላል። የተበረበረውንም ዕቃ በሁለቱም ወገን ዘመዶች ፊት አስቀምጥና እነርሱ በመካከላችን ይፍረዱ ይለዋል። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ላባን አታላይ ብሎ አልጠራውም፤ ሊጠራው ቢፈልግ ግን ምክንያት አያጣም ነበር። ቁጥሮቹና ሥራዎቹ ስለ ራሳቸው ተናገሩ። ጠቡም ድንጋይ ከምረው፣ በክምሩ አጠገብ አብረው በልተው፣ ቃል ኪዳን ተጋብተው በመለያየት ተፈጸመ፤ ላባም በማግስቱ ማልዶ ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ስሞ፣ ባርኳቸው ወደ አገሩ ተመለሰ። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 19 ላይም ወዳጅህን አስቀድመህ ጠይቀው፣ ምናልባት አላደረገው ይሆናል የሚል ምክር አለ። ወንድምዎ የእናታችሁን የሕክምና ዕዳ ወይም የተዝካሩን ወጪ ከኪራዩ ላይ ከፍሎ ሊሆን ይችላል፤ በልቶትም ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታወቀው ተጠይቆ ሲመልስ ነው።

እንግዲህ ይቅርታ የሚጠይቁት ሳያውቁ ስለ ፈረዱበትና በዘመድ ፊት ስላዋረዱት ነው፤ ይህም ከኪራዩ ጉዳይ ጋር አይነካካም። ሁለቱን በአንድ ቀንና በአንድ ንግግር ውስጥ አያስገቧቸው። ይቅርታውን ከአጎታችሁ ጋር ወደ ቤቱ ሄደው ቢያቀርቡት ይሻላል፤ ቃሉም ከዚህ ብዙ ባይረዝም ጥሩ ነው፦ «ጋሼ፣ በግሩፑ ላይ ሌባ ብዬሃለሁ፤ ስለ እማዬ ቀብርም ክፉ ቃል ተናግሬሃለሁ። እንዲያ ማለት አልነበረብኝም። በዘመድ ፊት አዋርጄሃለሁና ይቅር በለኝ።» እዚያ ላይ ያቁሙ። «ግን አንተም እኮ» የሚለው ሐረግ ከተከተለ የቀደመው ሁሉ ለክሱ መግቢያ ሆኖ ይቀራል። «አስቀይሜህ ከሆነ» አይበሉ፤ አስቀይመውታል፤ «ከሆነ» የሚለው ቃል ጥፋቱን ከእርስዎ አንሥቶ በእርሱ ስሜት ላይ ይጥለዋል። «ጋሼ» ብለው መጀመርዎንም እንደ ትንሽ ነገር አይዩት። እኛ ዘንድ ሰው ሲጣላ አስቀድሞ የሚነጥቀው አንቱታን፣ ጋሼንና እትዬን ነው፤ ሲታረቅም መጀመሪያ መመለስ ያለበት ይኸው የተነጠቀው ክብር ነው።

ስድቡ የተሰማው በግሩፑ ላይ ስለ ሆነ ይቅርታውም እዚያው መሰማት አለበት። ብዙዎች በአደባባይ ሰድበው በጓዳ ይታረቃሉ፤ ያልታረመው ቃል ግን በሰሚዎቹ ዘንድ እንደ እውነት ይኖራል። የድምፅ መልእክቱን ከግሩፑ ላይ ያጥፉት፤ በምትኩ ለአክስቶቻችሁ «ስለ ጋሼ ያልሁትን ያለ ማስረጃ በንዴት የተናገርሁት ነው፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እናንተም ይቅር በሉኝ» ብለው ይጻፉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ ወንድምዎ ወዲያው ላይፈታልዎ ይችላል። ይቅርታ የጠየቀ ሰው የሚሰጠውን መልስ መምረጥ አይችልምና ይታገሡት።

የኪራዩን ነገር ደግሞ ቀኑ ሲደርስ እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ «ጋሼ፣ የእማዬ ቤት የስምንት ወር ኪራይ አጎታችን ባሉበት እንድንተሳሰብ እፈልጋለሁ። ያወጣኸው ወጪ ካለ ዝርዝሩን አሳየንና ተቀንሶ የቀረውን እንካፈል።» በዚህ ንግግር ውስጥ ከመጀመሪያው መልእክትዎ የሚበልጥ እውነት አለ፤ ወንድምዎም መልስ ሊሰጥበት የሚችል ነው። «ሌባ ነህ» ለተባለ ሰው ከመሳደብ ወይም ከመውጣት በቀር ምን ምላሽ ተተወለት? አጎታችሁንም ሁለቱ ጉዳዮች እንዳይደባለቁ አስቀድመው ይለምኗቸው፤ ሽማግሌዎች ዕርቁ እንዳይደፈርስ ሲሉ «ያለፈውን ሁሉ ተዉት» የሚሉበት ጊዜ አለና። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 በወንድማማች መካከል የሚፈርድ አስተዋይ ሰው እንዲፈለግ ይመክራል፤ ብትበደሉ አይሻልምን የሚለውም እዚያው ነው። ድርሻዎን ለሰላም ብለው መተው ይችላሉ፤ ነገር ግን በራስዎ ፈቃድ የሚተዉት ይሁን፤ የታናሽ እህትዎን ድርሻ ደግሞ እርስዎ ሊተዉት አይችሉም።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የምኖር የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ሕንፃ ለመግዛት በተሰበሰበው ገንዘብ አያያዝ ምክንያት ምእመናኑ ለሁለት ተከፍለዋል። ለአባላቱ በጻፍኋቸው ኢሜይሎች ላይ አስተዳዳሪውን ካህን «ይሁዳ» እና «የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» ብያቸዋለሁ። ሌሎች አባላት ከክርስቲያን የማይጠበቅ ስድብ ነው ይሉኛል። ጌታ ራሱ ፈሪሳውያንን «የእፉኝት ልጆች» አላላቸውምን? (አንድ አንባቢ፣ ከሰሜን አሜሪካ)

መልስ፦ ብሏቸዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ላይ የተጻፈው ተግሣጽ ለማንም ለስላሳ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ጉዳይም ለስላሳ ጉዳይ ነው አንልዎትም። ይሁን እንጂ ያን ምዕራፍ ለራሳችን ፈቃድ አድርገን ከመውሰዳችን በፊት ጌታ ያን ቃል እንዴት እንደ ተናገረው ማየት ይገባል። የተናገረው በፊታቸው ነው፤ እርስዎ የጻፉት ግን ለሌሎች ነው። በሰው ልብ ያለውን ያውቅ ነበር (ዮሐንስ 2፥25)፤ እኛ አናውቅም። ያው ምዕራፍ ደግሞ የሚፈጸመው ኢየሩሳሌም ኢየሩሳሌም እያለ፣ ዶሮ ጫጩቶችዋን በክንፎችዋ እንደምትሰበስብ ልሰበስብሽ ወደድሁ በሚል ለቅሶ ነው። ኢሜይሎቹን በሚጽፉበት ጊዜ ለእኒህ ካህን አዝነው ያውቃሉ? ይህን የምንጠይቀው ልንወቅስዎ ሳይሆን፣ ተግሣጽን ከስድብ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መለኪያ ስላላገኘን ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጌታ እነዚያን ቃላት የተናገረው ሸክም ስለ ተጫነባቸው ድኾችና ቤታቸው ስለ ተበላባቸው መበለቶች ነበር። በራሱ ላይ በደል በደረሰ ጊዜ አነጋገሩ ሌላ ነበር። በሊቀ ካህናቱ ግቢ ከሎሌዎቹ አንዱ በጥፊ ሲመታው «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለው (ዮሐንስ 18፥23)። ማስረጃ ጠየቀ። ዝም አላለም፤ አልተሳደበም። በስም ስላነሡት ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ ይሁዳ በጌቴሴማኒ አሳልፎ ሊሰጠው ሲመጣ ጌታ የጠራው «ወዳጄ ሆይ» ብሎ ነው (ማቴዎስ 26፥50)። ጌታ በዚያች ሰዓት ለይሁዳ ለራሱ ያልተናገረውን የስድብ ቃል እርስዎ ለአንድ ካህን፣ ያውም ጥፋታቸው ገና ሳይጣራ፣ ተጠቅመውበታል።

የይሁዳ መልእክት (ይህ ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠው አይደለም) ቁጥር 9 ላይ የመላእክት አለቃ ቅዱስ ሚካኤል ስለ ሙሴ ሥጋ ከዲያብሎስ ጋር በተከራከረ ጊዜ «ጌታ ይገሥጽህ» አለው እንጂ የስድብን ፍርድ ሊናገረው እንዳልደፈረ ተጽፏል። በዚያ ክርክር ማን እውነት እንደ ያዘ የሚያጠራጥር አልነበረም፤ ሆኖም እውነቱ በሙሉ በእጁ የነበረው መልአክ ስድብን አልፈለገም። ቅዱስ ጳውሎስም በሸንጎው ፊት አፉን እንዲመቱት ሊቀ ካህናቱ ሐናንያ ባዘዘ ጊዜ «አንተ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ» ብሎ ተናገረው፤ ሰውየው ሊቀ ካህናት መሆኑን ሲነግሩት ግን ወዲያው «በሕዝብህ አለቃ ላይ ክፉ ቃል አትናገር» የሚለውን የሕግ ቃል በራሱ ላይ ጠቀሰ (ሐዋርያት ሥራ 23፥3-5)። ከሕግ ውጭ እንዲመታ መታዘዙ ስሕተት ነው ያለውን አልሻረም፤ የመለሰው የስድቡን ቃል ነው።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። «ይሁዳ» እና «ተኩላ» ያሉባቸውን ኢሜይሎች ለተቀበሉት ሁሉ ቃሉን ማንሣትዎን ይጻፉላቸው፤ በዚያው ላይ ግን ጥያቄውን አይጣሉት። ምን ያህል ገንዘብ እንደ ተሰበሰበ፣ በማን ፊርማ እንደሚወጣ፣ ሒሳቡ በገለልተኛ ኦዲተር መቼ እንደሚመረመር በጽሑፍ ይጠይቁ። አስቀድመው ግን ብቻዎን ከካህኑ ጋር ይነጋገሩ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ይህን ማድረግዎን አልጻፉልንም። በሰንበት ቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ብሎ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዝ፣ በኢሜይል ይሁዳ ብለው የጻፉባቸው አባት በመቅደሱ ውስጥ መሥዋዕቱን እያሳረጉ ነው። ያዕቆብም በመልእክቱ ከአንድ አፍ በረከትና መርገም ይወጣሉ፣ ወንድሞቼ ሆይ ይህ እንዲህ ሊሆን አይገባም ያለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው (ያዕቆብ 3፥10)።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ስንጋጭ ክፉ ቃል እንዳይወጣኝ ብዬ ዝም እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ሳምንት ይቆያል። እርሱ ኩርፊያ ነው ይለኛል፤ እኔ አንደበቴን መጠበቄ ነው እላለሁ። ማን ትክክል ነው? (አንዲት አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለመጀመሪያው ምሽት እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ ባለቤትዎ። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» (ኤፌሶን 4፥26) የተባለው ለሚጮኸውም ለሚያኮርፈውም ነው። በሰባተኛው ቀን ልጅዎን «አባትሽን ምሳ ቀርቧል በይው» ብለው የሚልኩ ከሆነ፣ ዝምታው አንደበትን መጠበቅ መሆኑ ቀርቷል፤ ሕፃኗም በጠቡ ውስጥ ገብታለች። በጣም በተናደዱበት ሰዓት «አሁን ብናገር የማይሆን ነገር እናገራለሁ፤ ነገ ከሥራ ስንመለስ ቁጭ ብለን እንነጋገር» ብለው ቀጠሮ ይስጡት፤ በቀጠሮውም ሰዓት ነገሩን የሚያነሡት እርስዎ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ በየወሩ የምንገናኝበት የጽዋ ማኅበር አለን፤ አባላቱ ከተለያየ ብሔር ነን። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ግን ጸበል ጸዲቁን ከቀመስን በኋላ ጨዋታው ወደ ፖለቲካ ይዞርና አንድን ሕዝብ በጅምላ የሚሰድብ ቃል ይነገራል። የዚያ ሕዝብ ልጅ የሆነች እህታችን አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። እኔ በጦርነቱ ወንድሜን አጥቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር በልቤ ከተሳዳቢዎቹ ጋር የምስማማበት ጊዜ አለ። ምን ልበል? (አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እግዚአብሔር የወንድምዎን ነፍስ ይማር፤ እርስዎንም ያጽናና። በልብዎ ያለውን ሳይደብቁ መጻፍዎ ለመልሱ ረድቶናል፤ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ማዕድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳደበው ሰው የቆሰለ ነው፤ ቁስሉን የማያይ ተግሣጽም አይደርስለትም።

ወንድምዎን የገደለውን ሰው፣ ያዘዘውን አዛዥ፣ የተደረገውን ግፍ፣ ቦታውንና ቀኑን ጠቅሶ መናገር ኃጢአት አይደለም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ምስክርነት ለፍትሕ ያስፈልጋል፤ ሙታንንም ያከብራል። አንድን ሕዝብ በሙሉ የሚሰድብ ሰው ግን ገዳዩን ይሸሽገዋል፤ በደለኛው ከሚሊዮኖች መካከል ገብቶ ይጠፋል፤ በእርሱ ፈንታ ተጠያቂ ሆና የምትቀመጠው በማዕዳችሁ ዙሪያ ያለችው እህት ናት። ወንድምዎን እርሷ አልገደለችም፤ ይህንን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

በመጽሐፈ መሳፍንት ውስጥ የኤፍሬም ሰዎች ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ ቅሬታ ተነሥተዋል። በምዕራፍ 8 ላይ ጌዴዎንን ከምድያም ጋር ልትዋጋ ስትሄድ ለምን አልጠራኸንም ብለው ክፉኛ ተጣሉት። ጌዴዎን የኤፍሬም የወይን ቃርሚያ ከአቢዔዝር፣ ማለት ከገዛ ወገኔ፣ የወይን መከር ይሻላል፣ የምድያምን መኳንንት ሔሬብንና ዜብን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፣ ከእናንተ ጋር ስተያይ እኔ ምን አደረግሁ አላቸው፤ ቁጣቸውም በረደ። ማሞካሸት እንዳይመስለን፣ ሁለቱን መኳንንት የያዙት በእርግጥ እነርሱ ነበሩ። ጌዴዎን በጠበኛው ወገን ላይ ያለውን እውነተኛ መልካም ነገር ፈልጎ ተናገረ፤ ውሸት አልጨመረበትም። በምዕራፍ 12 ደግሞ ያው ነገድ ወደ ገለዓዳዊው ዮፍታሔ መጥቶ ለምን አልጠራኸንም፣ ቤትህን በአንተ ላይ እናቃጥላለን አለ። ዮፍታሔም ጠርቻችሁ አልመጣችሁም ብሎ ተከራከረ፤ ጦርነትም ተነሣ። መጽሐፉ የጦርነቱን ምክንያት ሲናገር ኤፍሬማውያን የገለዓድን ሰዎች «ከኤፍሬም የኮበለላችሁ» ብለው ስለ ሰደቧቸው ነው ይላል። አንድን ወገን በጅምላ ያዋረደ ቃል ነበር። የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ሸሽቶ የመጣውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል እያሉ፣ «ሲቦሌት» ያለውን ኤፍሬማዊ ነው ብለው ያርዱት ነበር፤ የወደቁትም 42 ሺህ ነበሩ። በአንደበት የተጀመረው ጠብ ሰውን በአንደበቱ እየለየ በላ። ሰውን በስሙና በአነጋገሩ መለየት ለእኛም ዘመን እንግዳ ነገር አልሆነም።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ ነው የሚል ካለ ሩዋንዳን ያስብ። ሕዝቧ በአብዛኛው ክርስቲያን በነበረባት በዚያች አገር፣ ሚል ኮሊን የተባለው ራዲዮ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ይጠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በ100 ቀናት ገደማ ውስጥ ወደ 800 ሺህ የሚገመት ሰው ሲያልቅ፣ በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የተጠለሉ ሰዎች እዚያው ተጨፍጭፈዋል። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ከራዲዮው መሥራቾች መካከል ሁለቱን የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ከነበረ ሰው ጋር ጥፋተኛ ብሎ ፈርዶባቸዋል። በአገራችንም የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሰዎችን በብሔራቸው ወይም በሃይማኖታቸው ምክንያት ጥላቻ እንዲደርስባቸው የሚቀሰቅስ ንግግርን በወንጀል ያስቀጣል። ክርስቲያን ግን እስከ ሕጉ ወሰን ድረስ እየተጠጋ ሊኖር አይገባውም፤ ለእርሱ የተሰጠው «ክፉ ቃል ከአፋችሁ ከቶ አይውጣ» (ኤፌሶን 4፥29) የሚለው ነው።

አሁን ስለ ማዕዱ እንነጋገር። በማኅበሩ ውስጥ ወንድሙን በጦርነቱ ያጣ ሰው እርስዎ ስለ ሆኑ፣ የእርስዎ ቃል ሐዘኑ ካልደረሰበት ሰው ምክር ይልቅ ይሰማል። ስድቡ ሲነሣ ተሳዳቢውን ሳያዋርዱ እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ «እኔ ወንድሜን ቀብሬአለሁ፤ የበደለኝን ሰው አልረሳሁም፤ እግዚአብሔርም ሕግም እንዲፈርድልኝ እጠብቃለሁ። ሕዝቡን ግን አብረን አንስደብ፤ እኅታችን እዚህ አብራን ተቀምጣለች።» ከዚህ በላይ ክርክር ውስጥ አይግቡ፤ ማን ጦርነቱን ጀመረው ወደሚለው ከተወሰዱ ሁለታችሁም በማታውቁት ነገር ላይ ስትማማሉ ታመሻላችሁ። ተሳዳቢውን በሌላ ቀን ብቻውን አግኝተው ምን እንደ ደረሰበት ይጠይቁት፤ እርሱም ያልነገራችሁ ሐዘን ሊኖረው ይችላል።

በልብዎ ከእነርሱ ጋር ስለ መስማማትዎ፣ ይህን ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሚያምኑት አገልጋይ ይንገሩ። መዝሙረ ዳዊት ስለ ጠላት በሚያለቅሱ ጸሎቶች የተሞላ ነው፤ ያን ሁሉ ምሬት በእግዚአብሔር ፊት ማፍሰስ ይፈቀድልዎታል። በማዕድ ዙሪያ ሲፈስ ግን የሚያርፈው በሌላ ሰው ላይ ነው።

ለእኅታችሁ ደግሞ እስከ ሚቀጥለው ወር ሳይጠብቁ ይደውሉላት። ባለፈው የተነገረው እንዳሳዘነዎት፣ በጊዜው ዝም ማለትዎም ስሕተት እንደ ነበር ይንገሯት፤ ስለ ተሳዳቢው ሰበብ አይደርድሩላት። ከዚያም ከማኅበሩ ሙሴ (ከመሪው) ጋር ይነጋገሩ። በብዙ የጽዋ ማኅበራት የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ጽዋ እንዳይነሣ የሚያዝዝ ልማድ አለ፤ የእናንተም ማኅበር ይህ ደንብ ካለው፣ በሕዝብ ላይ የሚነገር ስድብም በዚያው ደንብ እንዲጠቃለልና ጽዋው በሚመጣው ወር ከመነሣቱ በፊት ለአባላቱ እንዲነበብ ይጠይቋቸው።